አንድ ቤት፣ ሦስት አልበም

ስሙ እንዳያሳስትዎ። እዚህ ላይ አሜሪካን ፉትቦል ስንል ስለ ኳስ አይደለም የምናወራው፤ ስለ አንድ የሙዚቃ ባንድ ነው። ጨዋታ ሊያዩ ብለው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ጽፈው፣ ቀዝቀዝ ያለ የጊታር ትካዜ ላይ የወደቁ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። በ1997፣ በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ ሦስት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አርባና በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባንድ አቋቋሙ። በ1998 ሦስት ሥራዎች የያዘ አጭር ቅጂ አወጡ። በ1999 ዘጠኝ ሥራዎች ያሉት ሙሉ አልበም ተከተለ። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ።

በ2014 ተመልሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ግን፣ የተማሪነት ዘመን ሥራቸው ብዙ ወጣት ጊታር ተጫዋቾች የሚማሩበት ደብተር ሆኖ ጠበቃቸው። በ2016 ሁለተኛ፣ በ2019 ሦስተኛ አልበም አወጡ። የሦስቱም ርዕስ አንድ ነው፤ የባንዱ ስም። አድማጮቻቸው ለመለየት ሲሉ በቁጥር ይጠሯቸዋል። እኛም እንዲሁ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንበል።

ይህን ለመከተል የሮክ ወዳጅ መሆን የለብዎትም። አንድ ባንድ ሲያድግ ምኑ ይቀራል፣ ምኑ ይለወጣል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ባንድ አላውቅም። ሥራው ጥቂት ነው፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቅ። ማይክ ኪንሴላ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል። ስቲቭ ሆምዝ ሁለተኛውን ጊታር ይይዛል። ስቲቭ ላሞስ ድራም ይመታል፤ ትራምፔትም ይነፋል። ቤዝ ጊታር፣ ማለትም ከሥር ሆኖ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር፣ የሚጫወት አራተኛ ሰው አልነበራቸውም። አንደኛው አልበም ላይ ያለውን ቤዝ የተጫወተው ራሱ ኪንሴላ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

«ኢንዲ ሮክ» የሚባለው ምንድን ነው? ኢንዲ «ነፃ» ወይም «ራሱን የቻለ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ሳያፈሱበት፣ በትንሽ ሙዚቃ ቤት በኩል የሚወጣ ሙዚቃ ማለት ነው። የእነዚህ ልጆች ሙዚቃ ቤት ፖሊቪናይል ይባላል። እሱም እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ ወጣቶች በእጃቸው አዘጋጅተው ከሚያሠራጩት የሙዚቃ መጽሔት የተነሣ ነው። አሳታሚውም ዘፋኙም አድማጩም የአንድ ሰፈር ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል።

«ኢሞ» የሚባለውስ? ይሄ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፓንክ የሚባል ፈጣን፣ ጯሂ፣ ቁጡ የሮክ ዓይነት አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግን የመሳሰሉ ባንዶች ያንን ቁጣ ከመንግሥትና ከኅብረተሰብ ላይ አንሥተው ወደ ገዛ ልባቸው አዞሩት። ጩኸቱ ያው ነው፤ የሚጮኹት ግን ስለ ተሰበረ ፍቅርና ስለ ጸጸት ሆነ። «ስሜት» ከሚለው ቃል ቆርጠው ኢሞ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ከተለጠፈባቸው ባንዶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አይወዱትም።

በ1990ዎቹ ይህ ሙዚቃ ወደ አሜሪካ መሀል አገር ገባ። ኪንሴላ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከቺካጎ ዳርቻ በተነሣውና ካፕን ጃዝ በተባለው ባንድ ውስጥ ከወንድሙ ከቲም ጋር ይጫወት ነበር። ያኔ ሥራው ድራም መምታት ነበር። ካፕን ጃዝ የልጅ ጉልበት ነው፤ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይጮኻል። በ1995 ፈረሰ። ኪንሴላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሁለቱ ስቲቮች ጋር ሲገናኝ ጩኸቱን ተወው። የባንዱ የመጀመሪያ እድገት ይሄው ነው፤ ድምፅ መቀነስ። ስሜቱን ሳያበርዱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ ባለመጮህ ማሳዘን።

እንዴት ነው ታዲያ ባለመጮህ የሚያሳዝኑት? ምሥጢሩ ከቅኝቱ ይጀምራል።

ይህን ነገር ክራር የሚያውቅ ሰው ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። የክራር ተጫዋች የትዝታ ዘፈን ሊጫወት ሲል ክሮቹን በትዝታ ይቃኛል። ባቲ ሲፈልግ እንደገና ያጠብቃል፣ ያላላል። ስሜቱ ጣቱ ክሩን ከመንካቱ በፊት ክራሩ ውስጥ ገብቷል። ጊታር ግን በልማድ እንዲህ አይደለም። ስድስት ክሮች አሉት፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። ብዙ ጊታር ተጫዋች ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ደስታውንም ኀዘኑንም የሚፈልገው በጣቶቹ አቀማመጥ ነው።

አሜሪካን ፉትቦሎች ይህን ትተው ጊታሩን እንደ ክራር ያዙት። አንደኛውን አልበም የሚከፍተው ታዋቂ ዘፈናቸው፣ «ኔቨር ሜንት» የሚባለው፣ ቅኝቱ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ ነው። ከመደበኛው ጋር ያስተያዩት። ከስድስቱ ክሮች የተነኩት ሦስት ብቻ ናቸው። ወፍራሙ ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል። ሦስተኛው በአንድ ሙሉ ድምፅ ወርዷል። አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ወጥቷል። ሌሎቹ እንደ ነበሩ ናቸው።

ውጤቱስ? ጊታሩን ያለ ምንም ጣት፣ እንዲሁ ክሮቹን ከላይ ወደ ታች ቢያንሸራትቱባቸው፣ አንድ ሙሉ ኮርድ ይሰማል። ኮርድ ማለት አብረው የሚጮኹ ድምፆች ስብስብ ነው። ይህኛው ኮርድ ደስተኛ ነው እንዳይሉት ጥግ ላይ አንድ ያልተዘጋ ነገር አለው፤ አዝኗል እንዳይሉትም ብርሃን አለው። ሰው የድሮ ፎቶ እያየ ፈገግ ሲል ያለው ዓይነት ስሜት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ባዶው ክር ራሱ ጥሩ ስለሚጮህ አንድ ሁለት ጣት ብቻ እየነካካ የቀረውን ክፍት መተው ይቻላል። የተተወው ክር ሳይታፈን ረጅም ጊዜ ያስተጋባል። ከድራም ወደ ጊታር ለመጣው ለኪንሴላም ይህ ተስማሚ መንገድ ነው። የታወቀው የጣት አቀማመጥ አዲስ ቅኝት ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ዘግቶ በጆሮ መፈለግ ነው። ብዙ ውብ ነገራቸው የተገኘው በዚህ ዳበሳ ይመስለኛል።

ዋጋስ የለውም? አለው። አንዱ ቅኝት ለአንዱ ዘፈን ሲሆን ለሌላው ላይሆን ይችላል። መድረክ ላይ በየዘፈኑ መሀል መቃኘት ሊኖር ነው፤ ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል። መቃኘቱን ለመቀነስ በተለያየ ቅኝት የተዘጋጁ ብዙ ጊታሮች ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊታር ማለት ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ሻንጣ፣ የሚያቀብል ሰው ነው። ለተማሪ ባንድ ይህ ቅንጦት ነው። ከመደበኛው በላይ የጠበቀ ክር ደግሞ ቶሎ ይበጠሳል።

ከቅኝቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሽመናው ነው። በተለመደው ሮክ አንዱ ጊታር ኮርድ ይመታል፣ ሌላው ዜማ ይጫወታል። እዚህ ሁለቱም ዜማ ይጫወታሉ፤ ክሮቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የየራሳቸውን ቁጥር የሚቆጥሩበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ አንዱ በሦስት፣ ሌላው በአራት ይቆጥራል እንበል። ሁለቱ አብረው ይነሣሉ፤ ወዲያው ይለያያሉ፤ እንደገና እኩል የሚገጥሙት ከአሥራ ሁለት ምት በኋላ ነው። በመሀሉ ጆሮ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ስቲቭ ራይክ የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ እንዲህ ባለው የድግግሞሽ ሽመና የታወቀ ነው። ባንዱም ከእሱ መማሩን ሲናገር ኖሯል።

ላሞስ ደግሞ ድራሙን እንደ ጃዝ ተጫዋች ለስለስ አድርጎ ይመታል። ትራምፔቱ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሲመጣ ግን ቃል ያለቀበት ቦታ ላይ ነው፤ ዘፋኙ ሊለው ያልቻለውን የሚጨርስለት ይመስላል። ለአንድ ሰው ድራምና ትራምፔት በአንድ ጊዜ መቅረጽ ስለማይመች በስቱዲዮ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል።

ግጥሙስ? አጭር ነው። አንዳንዱ ዘፈን ስምንት ደቂቃ ያህል ሄዶ ቃሉ ጥቂት መስመር ብቻ ይሆናል። አንዳንዱ ጨርሶ ቃል የለውም። ጉዳዩ በክረምት ዕረፍት የሚለያዩ ጓደኞች፣ የሚያልቅ ፍቅር፣ ያልተነገረ ይቅርታ ነው። ሃያ ዓመት አካባቢ ያለ ሰው እንደሚያስበው፣ እያንዳንዱ መለያየት የዓለም ፍጻሜ ነው። ትንሽ ያስቃል፤ ግን ውሸት አይደለም። እኛም ሁላችን በዚያ በኩል ነው ያለፍነው።

አሁን ወደ ሽፋኑ እንምጣ። አንደኛው አልበም ላይ ያለው ፎቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ተራ የእንጨት ቤት ነው። ክሪስ ስትሮንግ የተባለው ፎቶ አንሺ ከታች ወደ ላይ አንሥቶታል፤ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ብርሃን ይታያል። ሰው የለም። በአርባና የሚገኝ የተማሪ ኪራይ ቤት ነበር። ፎቶውን ያየ ሰው ግን «ይሄ እኔ የኖርኩበት ነው» ይላል። የባንዱን ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል፤ ብርሃኑ በርቷል፣ እርስዎ ግን ውጪ ቆመዋል።

አልበሙ በመስከረም 1999 ወጣ። ሕዝብ አልጎረፈም። ባንዱ ራሱ ሊፈርስ ጫፍ ላይ ስለ ነበር ዞሮ የሚያስተዋውቀው አልነበረም። ኪንሴላ ወደ ቺካጎ ሄዶ ኦወን በሚል ስም ብቻውን ሙዚቃ መሥራት ጀመረ፤ ጆን ኦቭ አርክ በተባለው የወንድሙ ባንድም ተጫወተ። ላሞስ በትምህርቱ ገፍቶ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ትምህርት መምህር ሆነ። ሆምዝም ወደ ሥራና ወደ ቤተሰቡ ገባ።

ባንዱ ሳይኖር አልበሙ ብቻውን ኖረ። እንዴት ሊሆን ይችላል ይላሉ? ጊዜው ደግ ነበር። ልክ በዚያው ሰሞን ሙዚቃ በኢንተርኔት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ጀመረ። ጓደኛ ለጓደኛ ፋይል ይልካል። የሆነ ልጅ መኝታ ቤቱ ሆኖ ቅኝቱን በጆሮው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ለሌሎች ያሳያል። ሌሎቹ በዚያ ቅኝት የራሳቸውን ባንድ ያቋቁማሉ። ባንዱ ስለሌለ የሚያሰለች አዲስ ሥራ የለም፣ የሚያሳፍር ማስታወቂያም የለም። አልበሙ የወጣበት ቀን ላይ እንደ ቆመ ቀረ። እኔ እንደማየው፣ ያልኖሩባቸው 14 ዓመታት ከሠሩባቸው ዓመታት ይልቅ ስማቸውን ገነቡት።

በ2014 ፖሊቪናይል አልበሙን ከድሮ የልምምድና የመድረክ ቅጂዎች ጋር ደግሞ አሳተመው። ባንዱም በዚያው በተነሣበት ከተማ በሚካሄደው ፒግማሊየን የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ቀረበ። ኒውዮርክ ዌብስተር ሆል በተባለው አዳራሽ ያዘጋጁት ትኬት ወዲያው ስላለቀ ተጨማሪ ምሽቶች ተጨመሩ። በተማሪነታቸው በትንሽ ክፍል ለጥቂት ሰው ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

እዚህ ላይ ያች ያስያዝኳችሁ ነገር ትመለሳለች፤ ቤዙ። አንድ ሰው በስቱዲዮ ሁለት መሣሪያ መደረብ ይችላል። መድረክ ላይ ግን አይችልም። ስለዚህ የኪንሴላ ዘመድ ኔት ኪንሴላ በቤዝ አራተኛ አባል ሆኖ ገባ። ነገሩ ሰው የማሟላት ብቻ እንዳይመስልዎ። ቤዝ የቤት ወለል ነው። ሁለቱ ጊታሮች በፊት አየር ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ፤ ከሥራቸው ወለል ሲነጠፍ ዘፈኑ ክብደት አገኘ። አራተኛው ሰው ሌሎች መሣሪያዎችንም የሚችል ስለሆነ በሦስተኛው አልበም ላይ ብዙ በር ከፈተ።

ገንዘቡስ? «ታዋቂ ከሆኑ ሀብታም ሆነዋላ!» እንዳይሉኝ። እስቲ የኢንዲ ባንድ ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብለን እንየው።

ገቢው ከሦስት ከአራት ጉድጓድ ይቀዳል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ የሚደመጠው ነው። በስልክ መተግበሪያ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲደመጥ የሚከፈለው በአማካይ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። ያም ለአሳታሚ፣ ለደራሲና ለተጫዋች ይከፋፈላል። ሚሊዮን ጊዜ ተደመጠ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ለአራት ሰው ሲካፈል ግን የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሌላው ሸክላ ነው። ሸክላ አልሞተም። የእንዲህ ዓይነት ባንድ ወዳጆች ሸክላ መግዛት ይወዳሉ። ሸክላ ማተም ግን የመነሻ ወጪ አለው፤ ድምፁ የሚቀረጽበት እናት ቅርጽ አንድ ጊዜ መሠራት አለበት። አምስት መቶም ቢያትሙ አምስት ሺህ ያው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሲታተም የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፤ ብዙ ሲታተም ደግሞ ካልተሸጠ መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች ብዙ ጊዜ ወጪያቸውን ከመለሱ በኋላ ትርፉን ከባንዱ ጋር ይካፈላሉ። ወጪው እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

ትልቁ ገቢ ከመድረክ ነው። ትልቁ ወጪም እዚያው አለ። መኪና፣ ነዳጅ፣ ሆቴል፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ያ ሁሉ ጊታር። ብዙ ከተማ ሲዞሩ ወጪው በየከተማው ተከፋፍሎ ይቀላል። እነዚህ ሰዎች ግን ወር ሙሉ መዞር አይችሉም፤ ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ላሞስ ደግሞ የሚያስተምረው ክፍል አለው። አጭር ጉዞ ማለት ለጥቂት ምሽት ሙሉ ወጪ መክፈል ነው።

ስለዚህ ዋናው ዋጋ ብር አይደለም፤ ጊዜ ነው። ስለዚህ ባንድ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በወጣትነታቸው ጊዜ ነበራቸው፣ አድማጭ አልነበራቸውም። ሲመለሱ አድማጭ አገኙ፣ ጊዜ አጡ። የሙዚቃቸው ለውጥ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሥራ ፈት ተማሪ አንዱን የጊታር ሐረግ ከሰዓቱን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ በመደጋገሙም ዘፈኑ እየረዘመ፣ እየላላ፣ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። በተለያየ ከተማ የሚኖር አባወራ ግን ሐሳቡን ቀድቶ ለባልደረባው ይልካል፤ ሲገናኙ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው። ዘፈኑም ልክና ቅርጽ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው አልበም ላይ ይህ ጥርት ብሎ ይሰማል። በጥቅምት 2016 ወጣ። ሽፋኑ ያው ቤት ነው፤ አሁን ግን ፎቶው የተነሣው ከውስጥ ነው። ውጪ ቆሞ መስኮት ሲያይ የነበረው ሰው ገባ ማለት ነው። ጊታሮቹ እንደ ድሮው ይሸመናሉ። የተለወጠው ድምፁ ነው። በፊት የኪንሴላ ድምፅ ከጊታሮቹ ኋላ ተደብቆ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። አሁን ፊት ለፊት ወጣ። ቃሉም በዛ፤ ጉዳዩም ትዳር፣ አባትነት፣ መጠጥ፣ ራስን መታዘብ ሆነ።

የድሮ ወዳጆች አኮረፉ። «እንደ መጀመሪያው አይደለም» አሉ። እውነት ነው፣ አይደለም። እኔም ደጋግሜ ሰምቼው አንዳንዱ ዘፈን እንደ ጠበበ ልብስ ሆኖብኛል፤ ለመተንፈስ ቦታ ሳያገኝ ያልቃል። ግን ይህን የማልወቅስበት ምክንያት አለኝ። አርባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው የሃያ ዓመት ልጅ መስሎ ቢያለቅስ ያ ነበር የሚያሳፍረው። ሁለተኛው አልበም ድልድይ ነው። ድልድይ ላይ ማንም ቤት አይሠራም፤ ያለ እሱ ግን ማዶ አይደረስም።

ማዶ ያለው ሦስተኛው ነው። መጋቢት 2019 ወጣ። ሽፋኑን ይመልከቱ፤ ቤቱ የለም። በምትኩ ጭጋግ የለበሰ ሜዳ አለ። ከቤቱ ወጡ።

ሙዚቃውም ወጣ። መክፈቻው ዘፈን በጊታር አይጀምርም፤ እንደ ደወል በሚንቀጫቀጭ ድምፅ ነው የሚጀምረው። ቫይብራፎን የሚባል መሣሪያ አለ፤ ተራ በተራ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎችን በመምቻ እየነኩ የሚጫወቱት። እሱ በዚህ አልበም ብዙ ቦታ ይገባል። ሥራዎቹ ስምንት ብቻ ናቸው፤ ርዝመት ግን ተመልሶላቸዋል። የድሮው መንሳፈፍ በአዲስ መልኩ መጣ። በፊት ከሁለት ጊታር ክር ይወጣ የነበረው አሁን ከብዙ ንብርብር ይወጣል።

ሌላው ትልቅ ለውጥ እንግዶች መጥራታቸው ነው። የፓራሞሯ ሄይሊ ዊሊያምስ፣ የስሎውዳይቭ ባንድ ሬቸል ጎስዌልና የላንድ ኦቭ ቶክ ኤልዛቤት ፓውል እያንዳንዳቸው አንድ ዘፈን ላይ አብረው ይዘፍናሉ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ አንድ ወንድ ብቻውን ሲያዝን ነው የሰማነው፤ ሌላኛዋ ወገን ድምፅ አልነበራትም። አሁን መልስ የሚሰጥ ሰው መጣ። ለእኔ ከቅኝቱም፣ ከቫይብራፎኑም የሚበልጠው እድገት ይሄ ነው።

ስሎውዳይቭን ስላነሣሁ፣ «ሹጌዝ» የሚል ቃል ሊያጋጥምዎ ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የታወቀ ሮክ ነው። የጊታሩ ድምፅ በመሣሪያ እየተደራረበ እንደ ጉም ይሆናል። «ጫማ ተመልካች» እንደ ማለት ነው፤ ተጫዋቾቹ መሬት ላይ ያሉትን የድምፅ መለወጫዎች በእግራቸው ለመርገጥ አቀርቅረው ስለሚጫወቱ። የሦስተኛው አልበም ጭጋግ ከዚያ በኩልም የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላስ? በ2021 ላሞስ ባንዱን ለቀቀ፤ በ2023 ተመለሰ። በዚያው በ2023 ያ ነጭ ቤት የመፍረስ አደጋ ላይ መሆኑ ሲሰማ፣ ባንዱ፣ ፖሊቪናይል፣ ፎቶ አንሺው ስትሮንግና ሌሎች ወዳጆች ተባብረው ገዙት። አስቡት፤ የባንዱ አባላት ኖረውበት አያውቁም። በየዓመቱ ግን ሰው ከሩቅ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣ ነበር። በ2024 አንደኛው አልበም 25 ዓመት ሲሞላው ሌሎች ሙዚቀኞች ዘፈኖቹን በየራሳቸው መንገድ የተጫወቱበት አልበም አብሮ ወጣ። እዚያ ላይ ኢቴል ኬይንና አይረን ኤንድ ዋይንን የመሰሉ ይገኛሉ። ዘፈኖቹ ቅኝታቸው ተቀይሮ እንኳ ይቆማሉ።

አሁን እርስዎ ከየት ይጀምሩ? ከአንደኛው ይጀምሩ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። በተቻለ መጠን በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት፤ ሁለቱ ጊታሮች አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ሲነጋገሩ ይለዩላቸዋል። ቃሉ ካልገባዎ አይጨነቁ፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ግማሹ አይሰማም። ከዚያ ሁለተኛውን ዘለው ሦስተኛውን ይስሙ። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ይመለሱበት። በተራው የሰማው ሰው ያዝንበታል፤ መሄጃውን አይቶ የተመለሰ ሰው ግን ያዝንለታል። ለዳታ ከተቸገሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደው ይያዙት፤ ሦስቱ አልበሞች ተደምረው ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዙት።

ቤት ውስጥ ጊታር ካለ ደግሞ ቅኝቱን ይሞክሩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ከሚወርደው ከሦስተኛው ክር ይጀምሩ፤ ዲን ወደ ሲ ያላሉት። ቀጥሎ ወፍራሙን ከኢ ወደ ኤፍ በጣም ቀስ ብለው ያጥብቁ። መጨረሻ ላይ አምስተኛውን ከቢ ወደ ሲ ይሳቡት፤ እሱ ቀጭን ስለሆነ ፊትዎን ዞር አድርገው። ክሩ ያረጀ ከሆነ ሊበጠስ ይችላል፣ ትርፍ ይኑርዎት። ከዚያ ግራ እጅዎን ከጊታሩ አንገት ላይ አንሥተው፣ በቀኝ አውራ ጣትዎ ስድስቱንም ክሮች አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ያንሸራትቱባቸውና፣ ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቁ።